ማየት፣ ማስተዋልና ንግግር መረዳት በሙከራ ሲጠና፦ በጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳርና ከእንጅባራ ተማሪዎች፣ ከወላጆቻቸውና በሙከራ እንዲሳተፉ ከተጠየቁ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ይህ ምርምር ስለ ምንድን ነው?

ሰው የሚያየውን፣ የሚሰማውንና የሚያነበውን አእምሮው እንዴት ወደ ትርጉም እንደሚለውጠው የሚመረምር ሥራ ነው። ሰውን «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አብዛኛው ነገር እኛ ሳናውቀው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃልና። ስለዚህ ተመራማሪው አንድ ነገር ብቻ ሆን ብሎ ይለውጣል፦ የአንድን ቃል ቦታ፣ የአንድን ድምፅ ርዝመት ወይም የብርሃኑን ድምቀት። ሌላውን ሁሉ ባለበት ያቆይና የሰዎቹ ምላሽ ተለውጦ እንደሆነ ይለካል።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌሽነር ክብደትና ብርሃን ምን ያህል ሲጨምር ሰው ልዩነቱን እንደሚያውቅ በቀመር የጻፈው በ1860 ነው። ትንሽ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ጥቂት ሲጨመርበት ወዲያው ያውቃል፤ አንድ ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ግን ያንኑ ያህል ቢጨመርበት አይሰማውም። ቪልሄልም ቩንት በላይፕሲሽ ከተማ የመጀመሪያ የሚባለውን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ያቋቋመው ደግሞ በ1879 ነበር፤ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም ተብለው ከመንገሣቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ቁልፍ ስጫን የሚለካው ብልህነቴ ነው?

አይደለም። ይህ ጥያቄ በሁሉም ዘንድ አለ፤ ተማሪው ውጤት እንደሚሰጠው ይጨነቃል፣ አባቱም «ልጄ ስንት አገኘ?» ይላሉ። ማንም ምንም አላገኘም። የአንድ ሰው ፍጥነት ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም፤ ሰውየው ሌሊቱን አልተኛ ይሆናል፣ ጾሞ ይሆናል፣ ቁልፍ ሰሌዳ ነክቶም አያውቅ ይሆናል። የሚፈለገው ያው ሰው በሁለት ሁኔታዎች መካከል የሚያሳየው ልዩነት ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ሆላንዳዊው ሐኪም ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ ነው፤ ዓመቱ አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያረፉበት 1868። መብራት ሲበራ ቁልፍ መጫን ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ቀይ ሲበራ ቀኙን፣ አረንጓዴ ሲበራ ግራውን ይጫኑ ቢባሉ ጊዜው ይረዝማል። ረዥሙ ላይ አጭሩ ሲቀነስ የሚተርፈው ለመለየትና ለመምረጥ የወሰደው ጊዜ ነው። በቤትዎ መሞከር ከፈለጉ «ቀይ» የሚለውን ቃል በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ «አረንጓዴ» የሚለውን በቀይ ደጋግመው ይጻፉና ቃሉን ትተው ቀለሙን ብቻ በፍጥነት ለመጥራት ይሞክሩ። ሪድሊ ስትሩፕ በ1935 ያሳተመው ይህ ሙከራ በሥነ ልቦና ውስጥ ደጋግመው ከጸኑት ውጤቶች አንዱ ነው። ማንበብ የለመደ ሰው ላለማንበብ ቢፈልግም ያነባል።

ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች መሳተፍ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ለአንዳንድ ጥናት እንዲያውም ከእነሱ የተሻለ ተሳታፊ የለም። ጥቂት ሥዕሎች ፊታቸው ተደርድረው ዓረፍተ ነገር ሲያዳምጡ ዓይናቸው ወዴት እንደሚዞር የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። በ1999 በታተመ የአልትማንና የካሚዴ ሙከራ፣ «ልጁ ይበላል» የሚል ዓይነት ንግግር የጀመረላቸው አድማጮች የኬኩ ስም ሳይጠራ በፊት ዓይናቸው ኬኩ ላይ ዐረፈ፤ ከሥዕሎቹ መካከል የሚበላው እሱ ብቻ ነበርና። ለዚህ ፊደል ማወቅ አያስፈልግም።

የፈቃድ ቅጹ ግን ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብላቸው፣ ምስክር ይኑር፣ በጣት አሻራ ይፈርሙ። በመሃል ተነሥተው ቢሄዱ ማንም «ለምን?» ሊላቸው አይገባም። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ላይ እጸናለሁ፦ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ እናትን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር በቁልፍ አጫጫን አወዳድሮ «የገጠሩ ሰው ዘገምተኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ምርምር አይባልም። የለካው የጣትን ልምምድ ነው።

ራስ ላይ የሚደረገው ባለ ሽቦ ቆብ ሐሳቤን ያነባል? ይጎዳል?

አያነብም፣ አይጎዳምም። ኢኢጂ የሚባለው ይህ ዘዴ ሃንስ በርገር በ1929 በሰው ላይ ስለመሥራቱ ካሳተመ ወዲህ በሆስፒታልም በምርምርም ሲሠራበት ኖሯል። ወደ ራስ የሚልከው ኤሌክትሪክ የለም፤ ከአንጎል ወጥቶ ቆዳ ላይ የሚደርሰውን፣ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ደካማ ምልክት ይቀበላል እንጂ። ምልክቱ ደካማ ከመሆኑ የተነሣ አንድ የዓይን ጥቅሻ ይውጠዋል። ተመራማሪው በደርዘን የሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮችን አስነብቦ አማካዩን ካልወሰደ ምንም አያይም። ስለ ጎረቤትዎ የሚያስቡትን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም።

ችግሩ ፀጉር ነው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ምልክቱን የሚቀበለውን የቆቡን ክፍል፣ ከቆዳ ጋር አያገናኝም፤ ጥብቅ ሹሩባም እንዲሁ። ይህ ለሴቶቹ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ለበዓል የተሠራችን ሹሩባ፣ ገንዘብና ግማሽ ቀን የወጣባትን፣ በሙከራው ጠዋት «ፍቺው» ማለት ነውር ነው። ብልሁ መንገድ ፀጉር ሊሠሩ በተነሡበት ሰሞን ቀጠሮ መያዝ ነው። ሲጨርሱ ኤሌክትሮዱን ከቆዳ ጋር እንዲያገናኝ የተቀባውን ጄል ለመታጠብ ሙቅ ውሃና ፎጣ መኖሩንም ይጠይቁ።

ዓላማውን አስቀድመው ለምን አይነግሩንም?

ካወቁት ውጤቱ ስለሚበላሽ። «ዛሬ የምናየው ያልተጠበቀ ነገር ማስተዋልዎን ነው» ከተባሉ ያልተጠበቀው ነገር ይጠበቃል። ነገር ግን ሙከራው እንዳለቀ እውነቱን መንገር ግዴታ ነው። አስቀድሞ ፈጽሞ ሊደበቁ የማይገባቸው ነገሮችም አሉ፦ ጉዳት ካለው ጉዳቱ፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ክፍያ ካለ መጠኑ፣ ድምፅዎ ወይም ምስልዎ የሚቀመጥ ከሆነ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀውን ደብዳቤ «አሳዩኝ» ማለት መብትዎ ነው።

ዓይኔ ፊት ለፊት እያየ እንዴት አላየሁም?

ዓይን ማየቱና አእምሮ ማስተዋሉ ሁለት ሥራ ስለሆኑ ነው። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ በ1999 ባሳተሙት ሙከራ ተመልካቾች በፊልም የሚታዩ ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን ደልቆ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ዓይናቸው ጤነኛ ነው፣ ጎሪላውም አልተደበቀም፤ ትኩረታቸው ግን ኳሱ ላይ ነበር።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሹፌሩ ስልክ ቢያነሣ የሚሆነውም ይኸው ነው። «እጄ መሪ ላይ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማወራው» የሚለው መልስ አያዋጣም። ስትሬየርና ጆንስተን በ2001 መኪና መንዳትን በሚመስል ሥራ ላይ እንዳሳዩት ስልኩ በእጅ ቢያዝም ባይያዝም በሚያወሩት ላይ የታየው መዘግየትና መዘንጋት ተመሳሳይ ነው። የሚሻማው እጁን ሳይሆን ትኩረቱን ነውና። «ታዲያ ረዳቱ እያወራው ምንም አይሆን?» ብለው የሚሞግቱ አሉ፤ ጥሩ ሙግት ነው። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ግን ራሱም መንገዱን ያያል። ጠመዝማዛው ሲመጣ ዝም ይላል፣ ወይም «ተጠንቀቅ፣ ከፊትህ ሲኖትራክ አለ» ይላል። በስልክ ያለችው እኅቱ ይህን አታይም።

በገበያ ጫጫታ መሃል ስሜ ሲጠራ እንዴት እሰማለሁ?

ሁልጊዜ አይሰሙም፤ የሰሙበትን ብቻ ነው የሚያስታውሱት። ኮሊን ቼሪ በ1953 በሁለት ጆሮ ሁለት የተለያየ ንግግር እያሰማ አንዱን ብቻ ሰዎች እንዲደግሙ ጠየቀ። በሌላው ጆሮ ስለገባው ሲጠየቁ ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ያውቃሉ፣ የተባለውን ግን አያውቁም። ኔቪል ሞሬይ በ1959 በማይከታተሉት ጆሮ የራሳቸውን ስም ሲያስገባ ያስተዋሉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሙከራዎቹ በእንግሊዝኛ ተሠርተው አልቀው የለም? አማርኛ ምን ይጨምራል?

ብዙ ይጨምራል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምሩ ተማሪዎች ናቸው፤ በአብዛኛውም የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ተርጉመው ሊሞክሩ አስበዋል። እባካችሁ አትተርጉሙ።

በእንግሊዝኛ ግሡ በጊዜ ይመጣል፤ ማን ምን እንዳደረገ አድማጩ ቶሎ ያውቃል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ታዲያ አድማጩ እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል? በዚህ በኩል እንደ አማርኛ ግሡን በሚያዘገየው በጃፓንኛ የተሠራ ሥራ አለ። ካሚዴና ባልደረቦቿ በ2003 እንዳሳዩት አድማጮች ከስሞቹ ጋር የተያያዙትን ምልክቶች ብቻ ይዘው፣ ግሡ ሳይመጣ፣ ቀጥሎ የሚጠራውን ነገር በዓይናቸው ይፈልጋሉ። የእኛ «ን» እና «ለ» ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ናቸው፤ «አስተናጋጇ ለእንግዳው…» ሲባል ዓይን ሽሮው ላይ ያርፍ እንደሆነ በአንድ ክፍልና በጥቂት ሥዕል መፈተሽ ይቻላል።

ደግሞ ይህን ያንብቡ፦ «አስተማሪው ተማሪውን የገሠጸውን ዘበኛ ጠራው።» እስከ «ተማሪውን» ድረስ ተማሪው ላይ አንድ ነገር ያደረገው አስተማሪው ይመስላል። «ዘበኛ» ላይ ሲደርሱ የገሠጸው ዘበኛው መሆኑ ይገለጣል፤ የገነቡትን አፍርሰው እንደገና ይገነባሉ። አንባቢው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር አንድ ቃል ብቻ የሚያሳይ ቀላል ፕሮግራም ይህን መሰናከል በሚሊ ሰከንድ ይመዘግበዋል። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አይመጣም፤ እዚሁ መወለድ አለበት።

ሌላው ነገር መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን አለመታየቱ ነው። «ሰው ይበላል» ብሎ የጻፈ ተማሪ በልቡ አንዱን ብቻ ያነባል፤ ተሳታፊው ግን በላተኛውን ወደ ተበዪ ሊለውጠው ይችላል። ይህ ለግድየለሽ ተመራማሪ ወጥመድ፣ ለጠንቃቃው ሲሳይ ነው፤ አንባቢ ከሁለቱ ንባብ የትኛውን እንደሚያስቀድምና መቼ እንደሚያርም ለማየት እንግሊዝኛ ይህን ያህል የተመቸ ነገር አያቀርብም። የ«ሀ» እና የ«ሐ»፣ የ«ሰ» እና የ«ሠ» ነገርም አለ። ተሳታፊው ባልለመደው ፊደል የተጻፈ ቃል ላይ ቢዘገይ፣ የዘገየው በትርጉሙ ነው ወይስ በአጻጻፉ? ዓረፍተ ነገሮቹን ከማዘጋጀት በፊት አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ያስፈልጋል።

ኢኢጂ ያላቸው ሰዎች የሚፈልጉት ደግሞ ሌላ ነው። ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ በ1980 ትኩስ ዳቦ ላይ ካልሲ ስለሚቀባ ሰው የሚናገር ዓይነት ዓረፍተ ነገር አስነብበው፣ ከማይገጥመው ቃል በኋላ 400 ሚሊ ሰከንድ ግድም ጎልቶ የሚታይ የአንጎል ምላሽ አገኙ። «ገበሬው ማሳውን በበሬ ጠጣው» ብንል የማይገጥመው ቃል መጨረሻው ግሥ ነው። በመጨረሻ ቃል ላይ ደግሞ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩን ጠቅልሎ ስለሚቋጭ ሁለት ሥራ ይደራረባል። ስለዚህ ከግሡ በኋላ የሚቀጥል ሐረግ መጨመር ይሻላል፤ «ጠጣው ብለው ነገሩኝ» እንደ ማለት።

የቅኔ ሰው ሰሙንና ወርቁን በአንድ ጊዜ ይሰማል?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ያሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት አገር ካልተጠየቀ የትም አይጠየቅም። ዴቪድ ስዊኒ በ1979 ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አሰማ፤ ዓረፍተ ነገሩ የትኛው ትርጉም እንደተፈለገ በግልጽ ያሳያል። እንዲያም ሆኖ ቃሉ እንደተሰማ ወዲያው በተደረገው ፍተሻ ሁለቱም ትርጉሞች በአድማጩ አእምሮ ነቅተው ተገኙ። ጥቂት ቀለማት ካለፉ በኋላ ሲፈተሽ የቀረው የሚገጥመው ብቻ ነበር። ስለዚህ ኅብረ ቃሉን ሲሰማ ሁለቱም ለአፍታ የሚነቁለት የቅኔ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ነን። ልዩነት ካለ መፈለግ ያለበት ከዚያ ቀጥሎ ነው፦ ሌላው ሰው የሚጥለውን ሁለተኛ ትርጉም እሱ ይዞ ይቆያል?

ለመሞከር ያሰበ ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል። ቅኔው በግእዝ ነው፤ ባለ ቅኔውን ግእዝ ከማያውቅ ሰው ጋር ማወዳደር የሚያሳየው ግእዝ ማወቅን ነው። የዜማ ወይም የአቋቋም ተማሪ የተሻለ ማነጻጸሪያ ቢሆንም ሰዋስዉን ያንኑ ያህል አልዘለቀውም። እኔ ብሆን የአንድ ጉባኤ ቤት አዲስ ገቢዎችንና አስነጋሪዎችን በአማርኛ ኅብረ ቃላት እፈትን ነበር። የሚገኘውም ብልጫ ለሁሉም ነገር እንደሚሠራ አይታሰብ። ቼይስና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እንዳሳዩት የቼዝ ሊቃውንት ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍን በአንድ እይታ ያስታውሳሉ፤ ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫቸው ይጠፋል ማለት ይቻላል።

ክብ ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው መስመርን ለየት አድርጎ ያያል?

ጥያቄው የመጣው ከሙለር-ላየር ምስል ነው፤ በ1889 የቀረበ። እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች ጫፋቸው ላይ ባሉት ቀስቶች አቅጣጫ ምክንያት አንዱ ረዥም መስሎ ይታያል። ሴጋል፣ ካምቤልና ሄርስኮቪትስ በ1966 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት አሜሪካውያን ከአብዛኞቹ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች የበለጠ ተታለሉ። ማብራሪያቸው፣ ማዕዘን የበዛበት ቤት ውስጥ ያደገ ዓይን መስመሩን እንደ ግድግዳ ጥግ ይተረጉመዋል የሚል ነበር።

ማብራሪያው ያምራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በሕንድ ከልደት ጀምሮ በሞራ ታውረው ዘግይተው የታከሙ ልጆች ዓይናቸው በበራ ማግሥት ምስሉ እንዳታለላቸው በ2015 ታትሟል፤ ግድግዳና ጥግ አይተው ለመልመድ ጊዜ አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ የወጣ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። ዘግይተው የታከሙት ቀለምና መጠን ለመለየት ብዙም አልተቸገሩም፤ ከፊሉ የተሸፈነን ቅርጽ ወይም በጥላ ብቻ የተገለጸን ጉብታ መለየት ግን ከበዳቸው። አንዳንዱ ልምድ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አይፈልግም። ጎጆው ሳይመረመር አይወቀስ።

አውኛና አማርኛ አብሮ የሚሰማ ልጅ ይምታታበታል?

አይምታታበትም። ከእንጅባራና ከዳንግላ ወላጆች በተደጋጋሚ የሚሰማ ሥጋት ነው፤ ልጁ ሁለቱን ቀላቅሎ ሲናገር ግራ የተጋባ ይመስላቸዋል። መቀላቀሉ ግን ሥርዓት ያለው ነው፤ ዐዋቂዎችም ያደርጉታል። ስፓይቪና ማሪያን በ1999 በሩሲያኛና በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዳሳዩት አንዱ ቋንቋ ሲነገር ሌላው ጨርሶ አይተኛም፤ በአንዱ የተጠራ ዕቃ ስም በሌላው ካለ ቃል ጋር ከተመሳሰለ ዓይን ለአፍታ ወደዚያ ይሄዳል። ይህ የሁለት ቋንቋ ባለቤት መሆን መደበኛ መልክ ነው። በሌላ በኩል «ሁለት ቋንቋ ትኩረትን ያጎለብታል» የሚለው ወሬ በትልልቅ ጥናቶች ሲፈተሽ አልጸናም። አውኛን ለልጅ ለማስተማር አያቱን ማነጋገር መቻሉ በቂ ምክንያት ነው።

ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል?

እንደ ሙከራው ነው። በ2015 የወጣ የብዙ ተመራማሪዎች የጋራ ሥራ 100 የታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሲሠራ የጸናው 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ በማየት፣ በትኩረትና በማስታወስ ዙሪያ ባሉት ግማሽ ያህሉ ጸንተዋል። ሌላው ጉድለት የተሳታፊዎቹ ማንነት ነው። ሄንሪችና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳስታወሱት፣ በታወቁ መጽሔቶች ከሚታዩ ተሳታፊዎች 96 በመቶው የመጡት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች ነው። «የሰው አእምሮ» የተባለው ብዙ ጊዜ የአንድ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አእምሮ ነው።

እዚህ ያገኘሁት ከውጭው ጋር ካልተስማማ ማን ተሳሳተ?

መጀመሪያ የራስዎን መሣሪያ ይጠርጥሩ። የተለመደው የላፕቶፕ ስክሪን ምስል የሚቀይረው በሰከንድ 60 ጊዜ ነው፤ ከ17 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነገር አያሳይም። ርካሽ ቁልፍ ሰሌዳ የራሱን መዘግየት ይጨምራል። መብራት ሄዶ በባትሪ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ መመሪያውን ተሳታፊው በራሱ አባባል እንዲነግርዎ ያድርጉ፤ «በፍጥነት» የተባለውን «በጥንቃቄ» ብሎ የተረዳ ሰው ውጤቱን ይገለብጠዋል። ቀጥሎ ተሳታፊዎቹን ይቁጠሩ፤ በአሥራ አምስት ሰው የታየ ልዩነትም፣ ሳይታይ የቀረም፣ ብዙ አያናግርም።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ልዩነቱ ከቀረ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ማክጉርክና ማክዶናልድ በ1976 «ጋ» የሚል አፍ እያሳዩ «ባ» የሚል ድምፅ ሲያሰሙ ብዙ ሰው «ዳ» ሰማ። ሴኪያማና ቶህኩራ በ1991 ይህንኑ በጃፓናውያን ሲሞክሩት በጸጥታ ክፍል ውስጥ እምብዛም አልሠራም። ተሳሳትን ብለው አልተዉትም፤ ድምፁ ላይ ጫጫታ ጨመሩበት። ያኔ ጃፓናውያኑም የተናጋሪውን አፍ ማመን ጀመሩ።